ቻርሊ ቻፕሊን፡- ዘመን ያልሻረው ድምፅ አልባ ጥበብ

ሲኒማ ድምፅና ቀለም ሳይኖረው ከተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ዛሬ ከስማቸው በስተቀር የሉም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገሪቱ ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። የቻርሊ ቻፕሊን ሥራዎች ግን ከጥቂቶች በስተቀር ዛሬም ይታያሉ፤ ልጅም አዋቂም ይስቅባቸዋል። የከያኒው የሕይወት ታሪክ እንደሚያስረዳው ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አንደኛው ምክንያት በዓይኑ ያየውን ድህነት ክብር ሳይነፍግ ማሳየቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሥራው ባለቤት ራሱ ለመሆን ያደረገው ጥረት ነው።

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1889 በእንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ያደገውም በለንደን ከተማ ደቡባዊ ክፍል በሚገኙ የድሆች መንደሮች ነው። አባቱም እናቱ ሐናም በሙዚቃ ትርኢት አዳራሾች የሚዘፍኑ ድምፃውያን ነበሩ። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ በመለያየታቸውና አባቱም በመጠጥ ሱስ በመያዛቸው የቤተሰቡ ሸክም በእናቱ ላይ ወደቀ። እናቱ ድምፃቸው ደክሞ ከመድረክ ከራቁ በኋላ በልብስ ስፌት ለመተዳደር ቢሞክሩም ጤናቸው ስለታወከ አልተሳካላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1896 እናትየው ቻርሊንና በአራት ዓመት የሚበልጠውን ወንድሙን ሲድኒን ይዘው መንግሥታዊ ወደሆነ የድሆች መጠለያ ገቡ። ሕፃኑ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በመጠለያው ደንብ መሠረት እናትና ልጆች ተለያዩ፤ ልጆቹም ከከተማ ውጭ ወደሚገኝ የችግረኛ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። እ.ኤ.አ. በ1898 ቤተሰቡ ዳግም ወደ መጠለያ በገባበት ወቅት እናትየው የመልቀቂያ ጥያቄ አቅርበው ከልጆቻቸው ጋር ወጡ። ቀኑን በአንድ መናፈሻ ከጋዜጣ በተሠራ ኳስ ሲጫወቱ ውለው፣ ሲመሽ የመግቢያውን ሥርዓት እንደገና አሟልተው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰዱ። አባቱም እ.ኤ.አ. በ1901 አረፉ።

ትምህርቱን በቅጡ ያልተከታተለው ብላቴና እንጀራውን በመድረክ ላይ መፈለግ ጀመረ። በመጀመሪያ በልጆች የጭፈራ ቡድን፣ ቀጥሎም በቴአትር ተዋናይነት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1908 በፍሬድ ካርኖ ወደሚመራው ታዋቂ የአስቂኝ ትርኢት ቡድን ገባ። በዚያም ያለ ንግግር በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ማሳቅን ተማረ። ከቡድኑ ጋር ሁለት ጊዜ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ትርኢት ካቀረበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ኪስቶን የተባለ የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው።

በቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1914 ዓለም ከርታታውን ሰው አወቀ። ሱሪው የሰፋ፣ ኮቱ የጠበበ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ ሲሆን በእጁ ከዘራ ይዟል። ልብሱ የድሃ፣ ጠባዩ ግን የጨዋ ሰው ነው። ሲርበው በሥርዓት ይመገባል፤ ሲገፉት ባርኔጣውን አንስቶ ሰላምታ ይሰጣል። ተመልካቹ የሚስቀው በሰውየው ድህነት ሳይሆን ክብሩን ላለማጣት በሚያደርገው ትግል ላይ ነው። ለዚህም ቋንቋ አላስፈለገውም።

ዝናው በፍጥነት ገነነ። ደመወዙ እ.ኤ.አ. በ1915 በሳምንት 1 ሺህ 250 ዶላር የደረሰ ሲሆን፣ በ1916 ደግሞ በዓመት 670 ሺህ ዶላር የሚያስገኝለት ውል ተፈራረመ። ቻፕሊን በገንዘቡ ጊዜንና ነፃነትን ገዛበት። በሆሊውድ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዳይሬክተሩ ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን የፊልም አከፋፋይ ኩባንያ መሠረተ። ከዚያ በኋላ የሥራዎቹን መብትና ዋና ቅጂዎች በእጁ ለማድረግ በቃ። የብዙ ባልደረቦቹ ፊልሞች ገበያቸው ሲያልፍ ሲጣሉና ሲቃጠሉ የእርሱ ተጠብቀው የቆዩት ባለቤታቸው ስላልጣላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1919 የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በዚያው ዓመት መሥራት የጀመረውና በ1921 ለእይታ የበቃው «ልጁ» የተሰኘው ፊልም፣ ከርታታው ሰው ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ሲያሳድግ ያሳያል። በፊልሙ ውስጥ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማቆያ ኃላፊ ልጁን ሊወስድ ወደ ድሃው ጎጆ ይመጣል። ኃላፊው ከፊቱ የቆመውን ሰው በቀጥታ ለማናገር ስለተጠየፈ ጥያቄውን በረዳቱ በኩል ያስተላልፋል። ትዕይንቱን የሠራው ራሱ በልጅነቱ ከእናቱ በደንብ የተነጠለ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ባለ ድምፅ ፊልም መጥቶ ሆሊውድን ሲለውጥ ቻፕሊን በአቋሙ ጸና። ከርታታው ከተናገረ የአንድ አገር ሰው ብቻ እንደሚሆን ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው «የከተማ መብራቶች» ንግግር የሌለበት ሲሆን ሙዚቃውን የደረሰው ራሱ ነው። ከርታታው ከዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኝበትን አጭር ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንደቀረፀው ይነገራል። በ1936 የቀረበው «ዘመናዊው ጊዜ» ደግሞ የሥራ አጥነትንና የፋብሪካ ሠራተኛን ድካም አሳየ።

ቻፕሊንና አዶልፍ ሂትለር የተወለዱት በአራት ቀናት ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በራሱ ገንዘብ በሠራው «ታላቁ አምባገነን» ቻፕሊን በሂትለር ላይ ተሳለቀ። በዚሁ ፊልም ውስጥ ናፓሎኒ የተባለው ጉረኛ ገጸ ባሕርይ የቤኒቶ ሙሶሊኒ አምሳያ ነው። ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ኢትዮጵያ ገና በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር የነበረች ሲሆን፣ አርበኞቿም በዱር በገደል ይፋለሙ ነበር።

የከያኒው ሕይወት ግን እንከን አልባ አልነበረም። አራት ጊዜ ያገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ በጋብቻው ወቅት የ16 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ፍቺዎቹም ስሙን ጎድተዋል። በሥራም ላይ ባልደረቦቹን የሚያስጨንቅ እንደነበር ይታወሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በኮሙኒስት ደጋፊነት ተጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1952 «የመድረክ ብርሃን» የተሰኘውን ፊልሙን ለማስመረቅ ወደ ለንደን በመርከብ ሲጓዝ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዙ። ለ40 ዓመታት ያህል የኖረበት አገር በሩን ዘጋበት።

ቻፕሊን ከአራተኛ ሚስቱ ከኡና ኦኒል ጋር በስዊዘርላንድ ኑሮውን መሠረተ፤ ከእርሷም ስምንት ልጆች አፍርቷል። በስደት ዓመታቱ ለቀድሞ ፊልሞቹ አዳዲስ ሙዚቃ እየደረሰ ዳግም ለእይታ አበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የክብር ኦስካር ሽልማት ለመቀበል ወደ አሜሪካ ሲመለስ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነስቶ ለ12 ደቂቃ ያህል አጨበጨበለት። እ.ኤ.አ. በ1975 ከእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕረግ የተቀበለው ቻፕሊን፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1977 በ88 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

ፈቃዱን የሰረዘው ውሳኔ ዛሬ የታሪክ ሰነድ ሆኗል። ስሙ በድሆች መጠለያ መዝገብ የሰፈረው ሕፃን የሠራቸው ፊልሞች ግን በኢጣሊያ ቦሎኛ ከተማ በሚገኘው የፊልም ቤተ መዛግብት ታድሰው ለአዲስ ትውልድ ቀርበዋል። የስዊዘርላንድ መኖሪያውም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ከ100 ዓመት በፊት የተቀረፀው ያ ኃላፊ ዛሬም ከፊቱ የቆመውን ድሃ ሳያየው በረዳቱ በኩል ይጠይቃል፤ ተመልካቹም ዛሬም ልቡ ከድሃው ጋር ይቆማል።