አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በማሳየታቸው በዓለም የታወቁ ኢትዮጵያዊ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የሳይንስ ዶክትሬት አግኝተዋል። ያረፉት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1997 ነው።

እንዶድ ከሸዋ እስከ ትግራይ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ስለሚያወጣ፣ ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ሸማና ጋቢ የሚነጣው በእርሱ ነበር። በባህል መድኃኒትነትም ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ አክሊሉ ተክሉን አላገኙትም፤ ያገኙት ማንም ያላየለትን ጥቅም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ከትምህርት የተመለሱት ወጣት ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈዋል፤ ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። አክሊሉ ከላይ በኩል ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው አንዷን ሴት ከአረፋው እንድትጨምርባቸው ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ሙከራው ከዕቃና ከውሃ በቀር ምንም አልጠየቀም።

የነገሩ ክብደት የሚገባው የበሽታውን አካሄድ ሲያውቁት ነው። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድር ወይም በሽንት ወደ ውሃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ተራብቶ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚዋኝ ሕፃን፣ ውሃ የምትቀዳ እናት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ቆዳ በስቶ ይዘልቃል። በጊዜ ብዛት አንጀትን፣ ጉበትን ወይም ፊኛን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚሁ የሚያገለግል የፋብሪካ ኬሚካል ነበረ፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ በሽታው የበረታባቸው አገሮች አቅም አልፈቀደላቸውም። እንዶድ ግን በደጃፍ ይበቅላል።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በእርሳቸው ስም ይጠራል። የእንዶድን ገዳይ ንጥረ ነገር በአሜሪካ የለዩት ኬሚስቶችም በስማቸው ለማቶክሲን ብለውታል። ከ1969 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) በዓድዋ ከተማ ወንዞች ላይ በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት በሕዝቡ ዘንድ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ከሙከራው ጋር አብረው ያደጉት እነዚህ ስለሆኑ፣ አዲስ መያዝ መቀነሱን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን እንዶድን በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድ ተቀባይ አላደረገውም። ለሰውና ለአካባቢ ያለው ጉዳት ደረጃውን በጠበቀ ላቦራቶሪ አልተመረመረም ተባለ። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ የቀንድ አውጣን እንቁላልም በደንብ አያጠፋም። ዳሩ ግን የተጠየቀውን ምርመራ ለማካሄድ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪና ገንዘብ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ የሚከፍልም ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። አክሊሉ ይህን ድሃ አገር በራሱ ሳይንቲስት ውጤት እንዳይጠቀም የሚያደርግ አሠራር አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ በየመድረኩም ተናግረውታል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) በምባባኔ፣ ስዋዚላንድ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የምርመራውን ሥርዓት ነደፉ፤ በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም ጥናቱ ተካሄደ። ዓይንን ከማቃጠሉ በቀር ለሰው የሚያሰጋ ነገር አልታየበትም። ያን ጊዜ ግን ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ከታዩ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። በመካከሉም ፕራዚኳንቴል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት መጥቶ የብዙዎችን ትኩረት ከቀንድ አውጣ ወደ ክኒን አዙሮታል።

አክሊሉ ከአገር ከወጡ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክፍል፣ ቀጥሎም በፍሎረንስ፣ ጣሊያን በዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር ለገሠ የእንዶድን ዝርያዎች አወዳድረው የተሻሉትን የመረጡ የዕፅዋት ባለሙያ ናቸው፤ ያለ እርሳቸው እንዶድ ከጫካ ፍሬነት ወደ ማሳ ሰብልነት የሚሻገርበት መንገድ አይታሰብም ነበር።

በ1990 (እ.ኤ.አ.) አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል ወደ አሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ነበር። በዚያ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቱቦዎች ስለሚደፍነው ዜብራ መስል ስለተባለ የውሃ እንስሳ ሰሙ፤ እንዶድም ይህን እንደሚገድል ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ጋር አረጋገጡ። ግኝቱ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተመዘገበ፤ የዓድዋ ሴቶች ዕውቀት ባለቤት ማነው የሚለውን ክርክርም አስነሣ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለ መቆጣጠር የመስክ መመሪያ አውጥቷል።