አንድም ጠጪ ማዳን ያቃተው ሰው

አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጌዶም ሆነ ሌላ ከተማ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሰው አለ። ጎበዝ ባለሙያ ነበር፤ አረቄ ያዘው። ሽማግሌ መከረው፣ ቤተሰብ አለቀሰበት፣ እኛም ሰደብነው። ሳምንት ተወና ተመለሰበት። ከዚያ ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን። ዛሬ የምነግራችሁ ልክ እንደዚህ ተስፋ ስለተቆረጠበት አሜሪካዊ፣ ስለ ቢል ዊልሰን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ቢል በ1895 ቬርሞንት ግዛት ውስጥ ኢስት ዶርሴት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ተለያዩና የእናቱ አባትና እናት አሳደጉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኮንን ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀመሰ። ሰው ፊት የሚያፍረው ወጣት ድንገት ተጫዋች ሆነ። በቃ፣ መጠጥ መድኃኒቱ መሰለው።

በ1918 ሎይስን አገባ። ሕግ ቢማርም ዲግሪውን ሳይወስድ ቀረ። በአክሲዮን ገበያ ብዙ ብር አገኘ፤ በ1929 ገበያው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ተቀጥራ ቤቱን የያዘችው ሎይስ ነበረች። እሱ ኒውዮርክ የነበረውን ታውንስ ሆስፒታል ተመላለሰበት። እዚያ ዶክተር ሲልክወርዝ የሚባል ሐኪም ሱስ በሽታ እንጂ ብልግና እንዳልሆነ አስረዳው። በኋላም አብሮት ይጠጣ የነበረ ጓደኛው መጠጥ ትቶ ሊጠይቀው መጣ። ቢል የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው በታኅሣሥ 1934 ነው።

ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቢል ሌሎችን ላድን ብሎ ተነሳ። ሆስፒታል ሄደ፣ ጠጪዎችን ቤቱ ድረስ አመጣ፣ ሰበከ። ለወራት ደከመ፤ አንድም ሰው አልተወለትም! ሐኪሙ ስብከቱን ትቶ ስለ በሽታው እንዲነግራቸው መከረው። ሎይስ ደግሞ ቢያንስ እሱ ራሱ እንዳልጠጣ አስታወሰችው።

በግንቦት 1935 ለሥራ አክረን ወደሚባል ከተማ ሄደ፤ ሥራው ከሸፈ። ሆቴሉ ውስጥ በአንድ በኩል የቡና ቤቱ ጫጫታ፣ በሌላ በኩል ስልክ። ስልኩን መረጠ። አብያተ ክርስቲያናት ጋ እየደወለ ሊያነጋግረው የሚችል ጠጪ ፈለገ። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ቦብ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነበር የመጣው፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆየ። ለምን? ቢል ምክር አልሰጠውም። የራሱን ውድቀት ነገረው፤ የመጣውም ራሱ እንዳይጠጣ ፈርቶ መሆኑን አልደበቀም። ቦብ አንዴ ተመልሶ ቢወድቅም ከሰኔ 10 ቀን 1935 በኋላ በ1950 እስኪሞት አልጠጣም። ያ ቀን ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ልደት ሆኖ ይቆጠራል።

ታውንስ ሆስፒታል በኋላ በደመወዝ አማካሪነት ሥራ አቀረበለት። ቤቱ ገንዘብ አልነበረም፤ ግን ጓደኞቹ ገንዘብ ከገባበት መተማመኑ ይጠፋል ብለው ስለተቃወሙ ተወው። ሎይስም በ1951 ለጠጪ ቤተሰቦች የሚሆነውን አል-አኖንን መሠረተች።

ቢል መልአክ አልነበረም። ለዓመታት ድብርት አሰቃየው፤ ሲጋራ ሳንባውን በላው። በጥር 24 ቀን 1971፣ ሎይስን ባገባበት ዕለት ሞተ። 36 ዓመት አልኮል ሳይጠጣ።

እና እኛስ? ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያንዘፈዝፈው፣ ሕይወቱም አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል መጀመሪያ ጤና ተቋም እንውሰደው። ከዚያ ግን ስድብና ስብከቱን ትተን፣ በዚያ መንገድ አልፎ የተረፈ ሰው እናገናኘው። በየከተማችን ተርፈው ዝም ያሉ አሉ። እናንተ ከሆናችሁ፣ አንድ ሰው ታሪካችሁን እየጠበቀ ነው። ሼር አድርጉት፣ ይደርሰዋል።