አስማትን የቀበረው ሰው፤ የንጉንዴንግ ቦንግ ሕይወት

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከኑዌር ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ድሮው ዘመን ያወጋ ሰው አንድ ስም ሳይሰማ አይነሳም፤ ንጉንዴንግ ቦንግ። እኔም ለሥራ ወደዚያ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት ይህን ስም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሰማ ካለም ስለ አንድ የኑዌር ጠንቋይ የሰማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው ንጉንዴንግ ጠንቋይ ሳይሆን የጠንቋዮች ባላንጣ እንደነበረ ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠንቋይ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ስዕል የታወቀ ነው። ፊልሙም፣ ልቦለዱም፣ በውጭው ዓለም ወጣቶች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታም የሚያሳየን አንድ ዓይነት ሰው ነው። ኃያሉ አስማተኛ ረጅም ግንብ አለው፤ በግንቡ ውስጥ የሚፈላ ድስት፣ ወፋፍራም መጻሕፍትና ዘንግ ይቀመጣሉ። ጉልበቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ክፍል ነው። የእኛ አገር ሰውም የደብተራውን ክታብና የጠንቋዩን ጓዳ በዚሁ ዓይን ያያል። ንጉንዴንግም ዘንግ ነበረው። በዚያ ረባዳ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታይ፣ ሰው ሠራሽ ተራራ የሚመስል ነገርም አሠርቷል። ልዩነቱ ያለው ያን ሁሉ ለምን እንዳሠራው ነው።

የመሬት አባት ልጅ

ንጉንዴንግ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። አባቱ ቦንግ ይባላል፤ ወገኑ ጋሌክ የሚባለው ጎሳ ነው። እናቱ ኒያዬል ልጅ ሳትወልድ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ እንደወለደችው ይተረካል። እንዲህ ያለ ትረካ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በገድላቱ ውስጥ ስንትና ስንት ቅዱስ ከመካን እናት ተወልዷል።

ቤተሰቡ የመሬት አባቶች ቤተሰብ ነበር። የመሬት አባት በኑዌር ዘንድ ንጉሥም የጦር አለቃም አይደለም። የሚታወቀው ከትከሻው ላይ በሚጥለው የነብር ቆዳ ነው። ሰው የገደለ ሰው የሟች ወገን እንዳይበቀለው ሸሽቶ የሚጠጋው እርሱ ቤት ነው። የመሬት አባቱ ገዳዩን ከደም ያነጻዋል፤ ከዚያም በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ የደም ካሳው በከብት እንዲከፈል ያደርጋል። ጦር ሠራዊት የለውም፤ ያለው የሰው ከበሬታና እርግማኑን መፈራት ብቻ ነው። ንጉንዴንግ በኋላ ያደረገውን ነገር ለመረዳት ይህ አስተዳደጉ ቁልፍ ይመስለኛል። ሙያው ከልጅነቱ ማስታረቅ ነበር።

የኖረው ሎው በሚባሉት ኑዌሮች መካከል፣ ዛሬ በደቡብ ሱዳን ጆንግሌይ ግዛት በሚገኘው ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሶባትንና የባሮን ወንዝ ተከትሎ የሚመጣ ሰው የጂካኒ ኑዌሮችን አገር ያገኛል። የጂካኒ አገር ደግሞ ዛሬ በሁለት መንግሥታት የተከፈለ ሲሆን የምሥራቁ ክፍል በጋምቤላ ክልል ይገኛል። በዚያ ዘመን ግን መሬቱ ላይ የተሰመረ ድንበር አልነበረም፤ ከብት፣ ሰውና ዘፈን እንደ ወቅቱ ይዘዋወሩ ነበር።

ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ንጉንዴንግ ጠባዩ ተለወጠ። ከሰው ተለይቶ በጫካ ብቻውን ይዞር፣ ምግብ ይተው፣ ለሚያናግረው አይመልስ ጀመር። ዘመዶቹ አበደ አሉ። ቆይቶ ግን ዴንግ የሚባለው የሰማይ መንፈስ እንደያዘው አሳወቀ። ዴንግ በመነሻው የዲንካዎች መንፈስ መሆኑን ልብ ይሏል። ዲንካ ደግሞ ከኑዌር ጋር በከብት ዘረፋና በግጦሽ ሲጋደል የኖረ ጎረቤት ነው። ስለዚህ የኑዌሩ ነቢይ የተናገረው በጎረቤቱ መንፈስ ስም ነው ማለት ይቻላል።

ስሙ የገነነው በ1878 በፓዲንግ ጦርነት ነው። የሎው ኑዌሮች ሊወጋቸው የመጣውን የዲንካ ጦር በዚያ ቀን አሸነፉ፤ ድሉም የንጉንዴንግ ጸሎትና መሥዋዕት ውጤት ነው ተባለ። በእጁ ይዞት የነበረው ዘንግም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስሙ ጋር ተቆራኘ። ዘንጉ ዳንግ ይባላል፤ ከሁመር ዛፍ ሥር የተሠራና በመዳብ ሽቦ የተጌጠ ነው። ከፓዲንግ በኋላ ግን ሽማግሌዎች ንጉንዴንግን የሚያነሱት በአመዛኙ በዕርቅ ነው። ከየአቅጣጫው ሰዎች ክርክራቸውን ይዘው ወደ እርሱ ይመጡ ነበር፤ ልጅ ያጡ ሴቶችም ምርቃቱን ፍለጋ ይመጣሉ።

ክፉ ቀን በቆላው

አንባቢ ስለ ክፉ ቀን ያውቃል። ከጣሊያኖች ጋር ወደ ምጽዋ በመጡ ከብቶች ገባ የሚባለው የከብት ደስታ ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የደጋውን በሬ ጨረሰው፤ ገበሬው የሚያርስበት አጣ፤ ረሃቡም አገሩን ፈጀ። በታሪክ መጻሕፍታችን የማይነገረው ይኸው መቅሠፍት በቆላውም ያደረሰው ጉዳት ነው። ለኑዌር ከብት ምግቡ ብቻ አይደለም። ጥሎሹ፣ ካሳው፣ መሥዋዕቱና ስሙ ሳይቀር በከብት ነው። ከብት ሲያልቅ ሰው ማግባትም መታረቅም አይችልም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፈንጣጣ ገባ።

መከራ ሲመጣ በየትም አገር ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፤ ጥፋተኛም ይፈልጋል። በኑዌር አገር ከሌላ ሕዝብ የተገዛ ሥር፣ ቅጠልና ቡዳ የመሰለ የድግምት ዕቃ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ሰዉ ይፈራቸዋል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ድግምት አሠራብኝ እያለ ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬውም ደም ያፋስሳል። ንጉንዴንግ ይህን ነገር አጥብቆ ይቃወም ነበር። የእርሱ ኃይል ከላይ የተሰጠ መሆኑን፣ ድግምት ግን ሰው በገንዘብ ገዝቶ ወንድሙን የሚጎዳበት ክፉ ነገር መሆኑን ያስተምር ነበር። ትልቁን ሥራውን የጀመረው በዚህ ጊዜ፣ በ1890ዎቹ ነው።

ጉብታው

የሠራው ነገር ጉብታ ነው። ግንብ አይደለም፤ በውስጡ ክፍል የለውም፤ ማንም አይገባበትም። በአካባቢው ድንጋይ የሚባል ነገር ስለማይገኝ ድንጋይ አልተጠቀመም። ያገሩ ሰው የሚያውቀው ማቴሪያል አመድ፣ አፈርና ከአሮጌ የከብት በረት ተቆፍሮ የሚወጣ ጥራጊ ነው። ይህንኑ ሰዎች በበጋ እየተሸከሙ ያመጡ ነበር። ከሎው ብቻ ሳይሆን ከሩቅ የኑዌር አገሮች ሁሉ ሰው ሰንጋ እየነዳ መጣ፤ ሰንጋው ታረደ፤ ሠራተኛውም ከሥጋው በላ። ንጉሥ የሌለው፣ ግብር የማያውቅ ሕዝብ ያለ አስገዳጅ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠራ ማለት ነው። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች የሕዝብ ተሳትፎ የሚሉት ነገር ምናልባት እንዲህ ያለው ይሆናል።

ሲጠናቀቅ ከ15 እስከ 18 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ነበረው፤ ቅርጹ ከላይ ሾጠጥ ያለ ነው። ዙሪያውን የዝሆን ጥርስ ተተከለበት፤ ጫፉም ላይ እንዲሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ከዛፍ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ጉብታው ከብዙ ርቀት ይታያል። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ ዲንካዎችም የተቀደሱ የአፈር ጉብታዎች ነበሯቸው፤ የዴንግ የጥንት መቅደስ የሆነው ሉዋንግ ዴንግም ለሁለቱም ሕዝቦች የሚሆን ስፍራ ነበር። ንጉንዴንግ ከጎረቤቱ የተማረውን አግዝፎ ሠራው።

በውስጡ ምን ተደረገ? መልሱ ነው የሰውዬውን ማንነት የሚነግረን። ፈንጣጣውና የከብት ደስታው በዚያ ጉብታ ውስጥ እንዲቀበሩ አደረገ። ድግምቱም በዚያው ተቀበረ። ሰውን ከሰው የሚያጣላ ክፉ ነገር ሁሉ አመድና አፈር ተጫነበት። በሌላ አነጋገር ያ ትልቅ ሥራ የአስማት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የአስማት መቃብር ነበር።

ዘመናዊ ሰው በዚህ ፈገግ ሊል ይችላል፤ በሽታ በአፈር አይቀበርም። እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያስገርሙኛል። አንደኛው፣ ጎረቤቱን ሲጠራጠር የነበረ ሰው ከጎረቤቱ ጋር አፈር ተሸክሞ፣ አብሮ በልቶ፣ ክፉው ነገር ተቀበረ ተብሎ ወደ ቤቱ መመለሱ በራሱ መድኃኒት ነው። የተቀበረ ድግምት ማንንም አያስጠረጥርም። ሁለተኛው፣ የሰው ልጅ በሳይንስ ከምድረ ገጽ ጨርሶ ያጠፋቸው በሽታዎች እስከ ዛሬ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፈንጣጣ መጥፋቱ የታወጀው በ1980፣ የከብት ደስታ ደግሞ በ2011 ነው። ንጉንዴንግ ሊቀብራቸው የመረጣቸው እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

የባዕድ ዓይን

በ1898 የእኛው የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር በባሮና በሶባት በኩል ወርዶ ነጭ ዓባይ ደረሰ። እንግሊዞችም በዚያው ዓመት ሱዳንን ያዙ። በግንቦት 1902 ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ በውሉም እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቀደ። የኑዌር አገርም ሳይጠየቅ ለሁለት ተከፈለ።

እንግሊዞቹ ስለ ንጉንዴንግ የሰሙት ከሌሎች ነበር። ብዙ ሰው የሚሰማው፣ ትልቅ ጉብታ ያሠራ፣ ከመንግሥት ጋር ያልተገናኘ ሰው ካለ ጦር እያደራጀ ነው ብለው ደመደሙ። ከአረብኛ በወሰዱት ቃል ኩጁር አሉት፤ ጠንቋይ እንደማለት ነው። በ1902 በሜጀር ብሌዊት የሚመራ ጦር ወደ መንደሩ ዘመተ። ንጉንዴንግ አልተዋጋም፤ ሕዝቡንና ከብቱን ይዞ ዞር አለ። ጦሩ መንደሩን አቃጠለ፤ ከጉብታው ዙሪያ የዝሆን ጥርሱን ነቅሎ ወሰደ። ጦረኛ ነው የተባለው ሰው ጦር ሳይገጥም አራት ዓመት ያህል ኖሮ በ1906 ሞተ።

ስሙ የከሰሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከልጆቹ አንዱ ጉዌክ የዴንግ መንፈስ ወደ እርሱ መምጣቱን ተናገረ። በ1927 መንግሥት በሎው አገር በኑዌር ጉልበት መንገድ ለማሠራት ሲነሳ ጉዌክ ተቃወመ። የላይኛው ናይል አገረ ገዢ የነበረው ዊሊስ ነቢያት ሁሉ የአመፅ ምንጭ ናቸው የሚል ጽኑ እምነት ነበረውና አውሮፕላን አስመጣ። በታኅሣሥ 1927 ጉብታው በቦምብ ተደበደበ፤ አልፈረሰም። በየካቲት 1928 መሐንዲሶች ፈንጂ ቀብረው ሊያፈርሱት መጡ፤ ኑዌሮቹም የነቢያቸውን ኃይል መና መቅረት እንዲያዩ ተጠሩ። ሆኖም ፍንዳታው ከጭስ የዘለለ ነገር አላሳየም፤ ከጎኑ ጥቂት አፈር ብቻ ተናደ። ጉዌክ የካቲት 8 ቀን 1929 እዚያው ጉብታው አጠገብ ተገደለ። ዘንጉም በአውራጃ ገዢው በፐርሲ ኮሪያት እጅ ገብቶ ከአገር ወጣ።

በዓለም የታወቀው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር የጻፈው ከዚህ ዘመቻ ቀጥሎ በ1930ዎቹ ውስጥ ባደረገው ጥናት ነው። በኋላም በጣሊያን ወረራ ማብቂያ በጋምቤላ በኩል የአኙዋ አርበኞችን ይዞ ተዋግቷል። የንጉንዴንግን እውነተኛ መልክ ያወጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ዳግላስ ጆንሰን የተባለ የታሪክ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ሽማግሌዎችን እየዞረ ጠየቀ፤ የመንግሥት መዛግብትንም አገላበጠ። በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ጦረኛ የተባለው ነቢይ የሰላም ሰው እንደነበረ አሳየ።

የዘንጉ መመለስ

እኛ የአክሱም ሐውልት በ2005 ሲመለስ የተሰማንን እናስታውሳለን። ኑዌሮችም በ2009 ተመሳሳይ ቀን አይተዋል። ጆንሰን ዳንጉን ከእንግሊዝ ወደ ጁባ መለሰው፤ በክብር የተቀበሉት ሪክ ማቻር ናቸው። በሕዝቡ ዘንድ ንጉንዴንግ ስለ አንድ ግራኝ መሪ ተንብዮ ነበር የሚል ወግ አለ፤ ሪክ ማቻርም ግራኝ ናቸው። በታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስትገባ ትንቢቱን ለውጊያ መቀስቀሻ ያደረጉ ነበሩ። ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተሰደው ወደ ጋምቤላ ገቡ፤ ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ጄዊና ንጉኒዬል የተባሉት መጠለያዎች የዚያ ጦርነት ውጤቶች ናቸው።

የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እንግሊዞች ጉብታውን የጦርነት ምንጭ አድርገው አዩትና አፈነዱት። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የገዛ ወገኖቹ አንዳንዶቹ ዘንጉን በዚያው የእንግሊዞች ዓይን አዩት፤ የጉልበት ዕቃ አደረጉት። ሁለቱም ወገኖች የጠንቋይ ግንብ ነው ያዩት፤ መቃብሩን አላዩም።

ጋምቤላ ውስጥ በአኙዋና በኑዌር መካከል በየጊዜው የሚነሳው ግጭት ስንት ሰው እንደበላ የምናውቀው ነው። በየስብሰባው ለዕርቅ የሚሆን ባህላዊ ሥርዓት ሲፈለግ እሰማለሁ። በዚያ አገር ከሁሉ ይበልጥ የሚነሳው ስም የአንድ አስታራቂ ስም መሆኑን፣ ያም ሰው በጎረቤቱ መንፈስ የተናገረና ትልቁን ሥራውን ክፉን ለመቅበር የሠራ መሆኑን ማወቅ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ይመስለኛል። እኛም መሃል አገር ያለን ሰዎች ጠንቋይ የሚለውን ቃል ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት ሰውዬው ምን እንደሠራ ብንጠይቅ መልካም ነው።