ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ፡- ፍጥረትን እያሳየ ፈጣሪን ያስተማረ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 6 ቀን ዕረፍቱን የምታስበው፣ በስሙ የሚጠራውንም ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ አድርጋ የምትጸልየው ቅዱስ ባስልዮስ የተወለደው በ330 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ነው። አያቱም ታላቅ እኅቱም ማቅሪና ይባላሉ፤ የኑሲሱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ነው። በቂሣርያ፣ በቁስጥንጥንያና በአቴና የዘመኑን ጥበብ ተማረ። በአቴና ሳለም ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር በፍቅር ተሳሰረ።

ወደ ሀገሩ ሲመለስ በትምህርቱ መመካት ጀምሮ ነበር። እኅቱ ቅድስት ማቅሪና ግን ገሥጻ ወደ ትሕትና መለሰችው። ተጠምቆም የግብፅን፣ የፍልስጥኤምንና የሶርያን መነኮሳት ከጎበኘ በኋላ በጰንጦስ፣ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በአት አጸና። ደን የከበበውን ተራራ፣ ከገደል የሚወርደውን ውኃ፣ አበቦቹንና አዕዋፉን ለወዳጁ ለጎርጎርዮስ በደብዳቤ ገልጾለታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቦታው ፍሬ ግን ለጸሎት የሚሆን ጸጥታ መሆኑን ነገረው።

ይህ ጸጥታ ከሰው ችግር የሚሸሽበት አልነበረም። ቄስ ሳለ በ368 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ዝናም ጠፋ፤ ምድሪቱ ተሰነጣጠቀች፤ ሕዝቡም ተራበ። ባለጸጎች ግን እህላቸውን በጎተራ ቆልፈው ዋጋው እስኪንር ይጠብቁ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስም ሰማይ የተዘጋው የሰው እጅ ለድኃ ስለ ተዘጋ መሆኑን በድፍረት አስተማረ፤ በስብከቱም ጎተራዎች ተከፈቱ። ርስቱን ሸጦ፣ ወገቡን ታጥቆ የተራቡትን በራሱ እጅ መገበ። በ370 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ማረፊያ ከከተማው ዳር አሠራ።

በዐቢይ ጾም ወራት ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ያስተማራቸው 9 ድርሳናት የታወቁ ናቸው። ጠዋትና ማታ ይሰሙት ከነበሩት ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን በእጃቸው ሥራ የሚያገኙ ሠራተኞች ነበሩ። እርሱም ሥራ እንዳያስፈታቸው ትምህርቱን ይመጥን ነበር። ከትንሿ ሣር ጀምሮ እያንዳንዱ ተክል ፈጣሪን እንዲያሳስባቸው ይሻ ነበር። ያረጁ ወላጆቻቸውን ይመግባሉ፣ ሲበሩም በክንፋቸው ይደግፏቸዋል ተብሎ በዘመኑ ይነገርላቸው የነበሩትን ሽመላዎች የልጅነት ግዴታ መምህር አደረጋቸው። ዛጎሉን በከፈተው የባሕር እንስሳ ላይ ጠጠር ጥሎ ይበላል ተብሎ ይነገርለት የነበረውን ሸርጣን ደግሞ ወንድሙን በተንኰል ለሚጎዳ ሰው ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። አንድ ቀንም አዕዋፍን ዘልሎ ወደ ምድር አራዊት ሊያልፍ ሲል፣ መርሳቱን አስተውሎ በሕዝቡ ፊት ወደ ኋላ ተመለሰ። አንዲት ወፍ እንኳ ያለ ምስጋና እንድትታለፍ አልወደደምና።

ስለ ሰው ተፈጥሮ ሊያስተምር ያሰበውን ሳይፈጽም በ379 ዓ.ም. ዐረፈ። የጎደለውን ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ጽፎ ሞላው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የመስከረምን አበባ፣ የክረምቱን ደመናና የበጋውን ከዋክብት አይተን ማድነቃችን መልካም ነው። ነገር ግን አበባውን አድንቀን በአጠገባችን የተራበውን ካላየን፣ የቅዱሱን ትምህርት ግማሹን ብቻ ሰማን ማለት ነው። የሽመላው ምሳሌ ካስደነቀን ያረጁ እናት አባቶቻችንን እንጠይቅ፤ የዝናሙ ቸርነት ካስደሰተን ከጎተራችን ለሌለው እናካፍል። የፍጥረት ምስጋና በአንደበታችን ተጀምሮ በእጃችን የሚፈጸመው እንዲህ ነውና።

የቅዱስ ባስልዮስ በረከቱ ይደርብን፤ ጸሎቱና አማላጅነቱ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።