ፓትሲ ክላይንና «ክሬዚ» የተባለው ዘፈኗ

ዛሬ ታሪኳን የማቀርብላችሁ ሴት «ካንትሪ» የሚባለውን የአሜሪካ የገጠር ዘፈን ለከተሜው ጆሮ ካደረሱት ዘፋኞች አንዷ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓትሲ ክላይን በ1932 በቨርጂኒያ ግዛት በዊንቸስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ቤቱን ጥሎ በመሄዱ እናቷ ልብስ እየሰፋች ሦስት ልጆች ታሳድግ ነበር። ስለዚህ ፓትሲ ቤተ ሰቡን ለመርዳት ትምህርቷን አቋርጣ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ማታ ማታም ትዘፍን ነበር። ኖታ ማንበብ አታውቅም፤ ዜማውን በጆሮዋ ይዛ ነበር የምታወጣው።

በ1957 በቴሌቪዥን ውድድር አሸንፋ ስሟ ተሰማ። ነገር ግን የፈረመችው ውል ከአንድ ኩባንያ መዝገብ ውጭ ያለ ዘፈን እንደ ልቧ እንድትመርጥ ስለማይፈቅድላት፥ ውሉ እስከ አለቀበት እስከ 1960 ድረስ ሁለተኛ ታላቅ ዘፈን ሳታገኝ ቀረች።

በሰኔ 1961 ናሽቪል ውስጥ ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው ፓትሲ በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ ተወረወረች። ግንባሯ ተተረተረ፤ ዳሌዋ ወለቀ፤ እጇም ተሰበረ። አንድ ወር ያህል በሐኪም ቤት ተኛች።

በዚያው ዘመን ዊሊ ኔልሰን የተባለ የቴክሳስ ሰው ዘፈን ለመሸጥ ናሽቪል ገብቶ ነበር። «ክሬዚ» ማለት እብድ ማለት ሲሆን፥ ዘፈኑ ፍቅሩ እንደማይጸና እያወቀ የሚወድ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ኔልሰን የሚዘፍነው ከምቱ ወደ ኋላ እየቀረ፥ ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበርና ፓትሲ ስትሰማው አልወደደችውም። እንዲህ ያለውን አዘፋፈን ማን ይከተለዋል? የሙዚቃው መሪ ኦወን ብራድሊ ግን በራሷ መንገድ እንድትዘፍነው አግባባት።

ነሐሴ 21 ቀን 1961 በክራንች ተደግፋ፥ በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተደፋ ወደሚመስለው የብራድሊ ቆርቆሮ ቤት ገባች። በዚያን ጊዜ በሦስት ሰዓት አራት ዘፈን መቅዳት የተለመደ ነበር፤ እነርሱ ግን በአንዱ ብቻ አራት ሰዓት ፈጁ። የጎድን አጥንቷ ገና ያማት ስለነበር ከፍ ያለው ድምፅ ሊወጣላት አልቻለም። ብራድሊም ሙዚቃው ለብቻው እንዲቀዳ አድርጎ እርስዋን ወደ ቤቷ ሰደዳት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ በአንድ ጊዜ ዘፍና ጨረሰችው ይባላል። በእኔ አስተያየት የዘፈኑ ውበት ባለመጮኋ ነው፤ ልቅሶው ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ዘፈኑ በጥቅምት ወር ወጥቶ ከካንትሪ ዘፈኖች 2ኛ፥ ከአገሩ ዘፈን ሁሉ 9ኛ ሆነ። ገጠሬውም ከተሜውም ገዛው። በኅዳር ወር ከናሽቪል ጓደኞቿ ጋር በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ዘፈነች፤ በመድኃኒት ቤት ለሠራች ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም!

መጋቢት 5 ቀን 1963 ከካንሳስ ሲቲ የእርዳታ ዝግጅት ስትመለስ፥ የተሳፈረችባት ትንሽ አውሮፕላን በክፉ አየር ቴኔሲ ውስጥ በካምደን አጠገብ ተከስክሳ አራቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ፓትሲ 30 ዓመቷ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ ልጆችም ትታለች። በ1973 በካንትሪ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ብቻዋን የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ዘፋኝ ሆነች። ከእናቷ ጋር የኖረችበት የዊንቸስተር ጎጆም ዛሬ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።