ዐፄ ቴዎድሮስና የገበሬው ጎተራ

አንባቢ ሆይ፤ ክርስቲያን ሰይፍ መምዘዝ የሚገባው መቼ ነው ብለህ የምትጠይቅ ብትሆን፥ ወደ ሩቅ አገር ታሪክ መሄድ አያሻህም። ከጉና ተራራ ግርጌ ደብረ ታቦርን ከተማው ያደረገውን የዐፄ ቴዎድሮስን ኑሮ መርምር።

ካሳ ኃይሉ በቋራ ባደገበት ዘመን መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ጦር በተነሣ ቍጥር ወታደሩ በገበሬው ቤት ይሰፍራል፤ እህሉን ይበላል፥ በሬውን ያርዳል። ካሳ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ነሣ፤ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚህም በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዘዘ፤ ወታደሩም ዘርፎ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቈርጥለት አሰበ። ይህን ልብ አድርገህ አስተውል፤ መጥምቁ ዮሐንስ ጭፍሮችን የመከራቸው ነገር ይኸው ነውና። የቴዎድሮስ ጦርነት ጽድቅ ነበረው ከተባለ፥ ጽድቁ በዚህ አሳቡ ነበር እንጂ በድሉ አይደለም።

ነገር ግን በየአውራጃው ሽፍታ ተነሣ፤ ሠራዊቱን የሚያኖር ገንዘብም ታጣ። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አስዘረፈ፥ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። የሚታዘዝለት አገር እየጠበበ በሄደ መጠን በደብረ ታቦር የሰፈረው ጦር የበጌምድርን እህልና ከብት እየነጠቀ ይመገብ ጀመር። ወዳጄ ሆይ፥ እስቲ ለጥቂት ጊዜ የጉና ገበሬ ሁን። ትናንት የራስ ዓሊ ወታደር፥ ዛሬ የቴዎድሮስ ወታደር ጎተራህን ቢያራግፍ፥ ስለ እውነት የሚዋጋው የትኛው እንደ ሆነ በምን ትለያለህ?

በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ወንጌልን ሊያስተምሩ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሥራ አዋቂዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩለት አዘዛቸው፤ እነርሱም ሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው 70 ኵንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ከዚያ ወጣ። ፈርተው ይሁን ወይም ንጉሡን ወድደው፥ እግዚአብሔር ያውቃል። ሆኖም የሰላምን ቃል የያዙት ናስ ሲያቀልጡ ከዋሉ፥ የገበሬውን ዕንባ ለንጉሡ የሚያሳስበው ማን ይሆን ነበር?

ንጉሡ አውሮፓውያንን ስላሰረ የእንግሊዝ ጦር መጣበት። በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፥ በተራራው መንገድ እያስጠረገ፥ ያን መድፍ በሰው ጕልበት እያስጎተተ ወደ መቅደላ ሄደ። ጉዞው አምስት ወር አለፈው። ሚያዝያ 2 ቀን በመቅደላ የታሰሩት የአገሩ ሰዎች እንጀራና ውሃ አጥተው ቢጮኹ፥ ተቈጥቶ ብዙዎቹን አስገደለ፥ ወደ ገደልም አስጣለ። የገበሬውን እንጀራ ሊጠብቅ ሰይፍ ያነሣ ሰው ነበር እኮ!

እንግሊዞች በመንገዳቸው እህሉን ከባላገሩ በማሪያ ቴሬዛ ብር እየገዙ መጡ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እስረኞቹ ከተፈቱ በኋላ መጻሕፍቱንና ታቦቱን ሳይቀር ከመቅደላ ዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ጫኑ። ለዚህኛው ምን ምክንያት ይሰጣሉ?

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጕጡ ሞተ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል።