300 ወንዶች ፊት እጇን ያወጣች ሴት

የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ ስናገላብጥ በየወሩ መዋጮዋን ሳታጓድል የምታስገባ፣ በጠቅላላ ስብሰባ ግን አንድ ቀን ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ እናት ብዙ ናት። ሸዋ ሮቢት ገበያ ሽንኩርትና ማሾ ሲሸጥ ዋጋ ቆርጣ የምትከራከረው ያችው ሴት፣ ስብሰባ ላይ አንገቷን ትደፋለች። የአደልሃይድ ፖፕን ሕይወት ለዚህ እትም የመረጥነው ለዚህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።

አደልሃይድ በ1869 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ቪየና አጠገብ ባለች ኢንዘርስዶርፍ በምትባል መንደር ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለደች። 15ኛ ልጅ ነበረች፤ በሕይወት የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። አባቷ ጠጪ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላት እናቷ ከሌላት ቆጥባ የገና ዛፍ ብታዘጋጅላት፣ አባትየው አምሽቶ ሰክሮ ገባና ዛፉን በመጥረቢያ ከታተፈው። ስድስት ዓመት ሲሆናት እሱም ሞተ። ትምህርቷ ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ልጅሽን ትምህርት ቤት አላክሽም ተብላ እናቷ 12 ሰዓት ታስራለች። እስሩ ግን ለቤቱ ዳቦ አላመጣምና ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ኪሮሽ ስትሠራ መዋል ጀመረች። በ13 ዓመቷ አቅም አንሷት ወድቃ ሆስፒታል ገባች። በየቀኑ የምትበላው ያገኘችው፣ ብቻዋን አልጋ ላይ የተኛችውም እዚያ ስለነበር፣ ያንን ጊዜ ኋላ ስታስታውሰው ከደጉ ዘመኗ ቆጥራዋለች።

ከዚያ በኋላ ከፋብሪካ ፋብሪካ ዞራ የጠርሙስ ቡሽ ከሚሠራ ፋብሪካ ገባች። የሠራተኞች ጋዜጣ ማንበብ የለመደችውም በዚያ ዘመን ነው። አንድ ቀን ስለ ሴት ሠራተኞች ኑሮ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኘች። በአዳራሹ 300 ያህል ወንዶችና 9 ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ስለ ሴቶች ሲናገሩ አዳመጠችና እጇን አውጥታ እሷም ተናገረች። አዳራሹ አጨበጨበላት፤ ያልሽውን ጻፊልን አሏት። ፊደል እየሳተችም ቢሆን ጻፈች። በ1892 የሴት ሠራተኞች ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነች።

ትልቁ ችግር ቤት ውስጥ ነበር። እናቷ ስብሰባውንም ጋዜጣውንም አትወድም፤ የምትመኘው ልጇ ባል እንድታገባ ነው። በ1893 የታወቁት የሠራተኛ ንቅናቄ መሪዎች ፍሪድሪክ ኤንግልስና አውጉስት ቤብል፣ በልጅሽ ልትኮሪ ይገባሻል ብለው ሊያስረዷት ቤቷ ድረስ መጡ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ አማላጅ ነው። እሷ ግን ራሳቸው ለማግባት የመጡ መስሏት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እንዲህ ያረጁ ሰዎች ታመጪያለሽ ብላ ልጇን ወቀሰቻት።

በዚያው ዓመት በቪየና 600 ገደማ ሴት ሠራተኞች ሥራ አቁመው የሥራ ሰዓታቸው በቀን ወደ 10 እንዲወርድ ጠየቁ፤ አገኙም። አደልሃይድ ከጎናቸው ነበረች። በ1894 ዩሊየስ ፖፕን አገባች። በ1902 ሲሞትባት ሁለት ወንዶች ልጆች ይዛ ቀረች። ሁለቱም ከእሷ በፊት ሞቱ፤ አንዱን የወሰደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በ1909 የልጅነቷን ታሪክ ስሟን ሳትገልጽ አሳተመች፤ የእሷ ሕይወት የብዙ ሺህ ሠራተኛ ሴቶች ሕይወት ነው ብላ ታምን ነበርና።

የኦስትሪያ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1918 ነው። በማግስቱ ዓመት ፓርላማ ከገቡት ስምንት ሴቶች አንዷ አደልሃይድ ስትሆን፣ በዚያ ምክር ቤት መጀመሪያ የተናገረች ሴትም እሷ ናት። በ1920 የቤት ሠራተኞች ሕግ ወጣ፤ የድሮውን የአሽከርና የገረድ ደንብ ሽሮ የሌሊት ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ ሰጣቸው። እህቶቻችንና ልጆቻችን ለቤት ሥራ አዲስ አበባና ዓረብ አገር የሚሄዱብን እኛ ይህን ቸል ብለን አናልፈውም። የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳን የቤት ሠራተኛን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ነው የተወው።

አደልሃይድ እስከ 1934 በምክር ቤቱ ቆየች። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 28 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ማለትም በየዓመቱ የሴቶችን ቀን ከምናከብርበት ዕለት አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በ70 ዓመቷ ቪየና ውስጥ አረፈች።